ዲቪዲው ሳያረጅ ሠርጉን አውጡት

ጥር ገባ ማለት አዳማ ቅዳሜና እሑድን በአበባ ባሸበረቁ መኪኖችና በክላክስ ታሳልፋለች ማለት ነው። የጥሪ ካርዱ ከሞጆም፣ ከመቂም፣ ከባቱም ይመጣል። የዘንድሮዎቹ ሙሽሮች የሠርጋቸውን ቪዲዮ በፍላሽ ወይም በስልካቸው ይቀበላሉ። ከአሥርና ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ያገባችሁት ግን የተረከባችሁት ሌላ ነገር ነው፤ ፊቱ ላይ የሙሽሮቹ ፎቶ የተለጠፈበት፣ በሚያምር ማቀፊያ የተቀመጠ ዲቪዲ። አንዳንዱ ቤት «ክፍል 1»፣ «ክፍል 2» እና «መልስ» ተብሎ ሦስት ዲስክ አለ።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ያ ዲስክ አሁን የት ነው? ለመጨረሻ ጊዜ ያያችሁትስ መቼ ነው? ብዙዎቻችሁ ቡፌው ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ ጀርባ እንደምትሉኝ እገምታለሁ። ዴኩ ከተበላሸ ቆይቷል፤ አዲሱ ላፕቶፕ ደግሞ የዲስክ ማስገቢያ የለውም።

የማርኬቲንግ ባለሙያ ስለሆንኩ ቢሮ ውስጥ ቪዲዮ የሚባል ነገር ሁሉ ወደ እኔ ይመራል። በዚህ ምክንያት ዘመድም ጎረቤትም ዲቪዲ ይዞ ይመጣል። ጥያቄው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፦ «ለእማዬ 70ኛ ዓመት አጭር ቪዲዮ ልንሠራ ነው፤ ከዚህ ውስጥ እሷ ያለችበትን አውጣልን።» አንዱ ለጋብቻ በዓሉ፣ ሌላው ለአባቱ ሙት ዓመት፣ ሌላው ውጭ አገር ላለች እህቱ ሊልክ ይፈልጋል። ስለዚህ በዚህ ወር ይህንኑ ሥራ ቤታችሁ ሆናችሁ እንዴት እንደምትሠሩት ላሳያችሁ። ከጽሑፉ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ የምመርጠው ይህንን ነው፦ መጀመሪያ ሙሉውን አውጡ፣ ቁራጩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ለምን ዛሬ?

ከሙዚቃ ቤት የምንገዛው ፊልምና ፎቶ ቤት የሚሰጠን የሠርግ ዲቪዲ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ አሠራራቸው ግን ይለያያል። ፋብሪካ የሚያወጣው ዲስክ ላይ ምስሉ ታትሞበት ነው የሚመጣው። ፎቶ ቤቱ በኮምፒውተር «በርን» የሚያደርገው ዲስክ ግን ውስጡ ስስ የቀለም ሽፋን አለው፤ ጨረሩ ምስሉን የሚጽፈው እዚያ ቀለም ላይ ነው። ይህ ቀለም በብርሃን፣ በሙቀትና በእርጥበት ቀስ በቀስ ይበላሻል። ዲስኩ ላይ ጭረት ሳይኖር አንድ ቀን መነበብ ያቆማል።

እኛ የምንኖረው ደግሞ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። የአዳማ ፀሐይና አቧራ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግርም፤ መተሐራና አዋሽ ያላችሁት ደግሞ ከእኛ የባሰ ታውቁታላችሁ። መስኮት አጠገብ ያለ መደርደሪያ ወይም የመኪና ዳሽቦርድ ለዲቪዲ የሚሆን ቦታ አይደለም።

ሌላም ምክንያት አለ። ብዙ ሰው «ዲስኩ ቢበላሽ ፎቶ ቤቱ ጋ ዋናው አለ» ብሎ ይተማመናል። የዚያን ጊዜ ካሜራዎች የሚቀዱበት ካሴት ግን ለሌላ ሠርግ እየተደገመ ይቀዳበት ነበር፤ ኮምፒውተሩም ሲሞላ የድሮው ይጠፋል። ቀራጩ ሥራ ቀይሮ፣ ቤቱም ተዘግቶ ይሆናል። ስለዚህ ቡፌው ውስጥ ያለው ዲስክ ብቸኛው ቅጂ ነው ብላችሁ ብትነሱ ይሻላል።

ከቴሌቪዥን ላይ በስልክ መቅረጽ ይቅር

ብዙ ቤት የሚደረገው ይህ ነው። ዴክ ከጎረቤት ይለመናል፣ ቪዲዮው ይከፈታል፣ አንዱ ስልኩን ቴሌቪዥኑ ላይ ደግኖ ይቀርጻል። ውጤቱ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚብለጨለጭ፣ የሳሎኑ መብራት ያንጸባረቀበት ምስል ነው። ድምፁ ላይም የልጆቹ ጫጫታና የውጭው ባጃጅ ይጨመርበታል።

ባለፈው ዓመት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሞጆ ያለው ወንድሙ በዚህ መንገድ የቀረጸውን የእህታቸውን ሠርግ አመጣልኝ። «ዲስኩ ራሱ የት አለ?» ስለው እንደ ዕድል ሆኖ አልተጣለም ነበር። ከዲስኩ በቀጥታ ስናወጣው፣ ኬክ ሲቆረስ ከጀርባ አንድ ሽማግሌ በኦሮምኛ ሲመርቁ ተሰማ። አያታቸው ነበሩ። ካረፉ ስድስት ዓመት አልፏል፤ ድምፃቸው የተቀዳበት ሌላ ነገር ቤተሰቡ የለውም። በስልክ በተቀረጸው ላይ ያ ምርቃት በሳሎኑ ወሬ ተውጦ አይሰማም። ፎቶ ቤቱ በሠራላቸው የ20 ደቂቃ ማጠቃለያ ላይ ደግሞ የኬኩ ትዕይንት በዘፈን ተሸፍኗል። የተገኘው ሙሉው ዲስክ ላይ ብቻ ነው።

«መጀመሪያ ሙሉውን» የምለው ለዚህ ነው። ዛሬ አሰልቺ የሚመስለው ረጅም የእንኳን ደስ አላችሁ ሰልፍ፣ የድንኳኑ ጥግ፣ እንጀራ የሚያቀርቡት ሴቶች፣ ከዓመታት በኋላ ዋናው ነገር እሱ ሆኖ ይገኛል።

አንደኛ፦ ዲስኩን ማዘጋጀት

ዲስኩን በጠርዙ ያዙት። ለስላሳ ጨርቅ፣ ለምሳሌ የመነጽር መጥረጊያ፣ ወስዳችሁ ከመሐል ወደ ዳር በቀጥታ ጥረጉ። ዙሪያውን እያሽከረከራችሁ አትጥረጉ፤ በዙሪያው የሚሄድ ጭረት ለማንበቢያው ከሁሉም የከፋ ነው። የደረቀ ቆሻሻ ካለ ትንሽ ውኃና አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። የጥርስ ሳሙና ጭረት ያጠፋል የሚለውን ምክር ለጊዜው ተዉት፤ የጥርስ ሳሙና የሚፍቅ ነገር አለው፣ ብቸኛ ቅጂያችሁ ላይ አይሞከርም። ፊቱ ላይ የተለጠፈው ፎቶ ጠርዙ ተነስቶ ቢሆን እንኳ አትላጡት።

ላፕቶፓችሁ የዲስክ ማስገቢያ ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ የዲቪዲ ማንበቢያ ከኮምፒውተር መሸጫዎች ይገኛል። ሁልጊዜ ስለማያስፈልግ ዘመድ ተሰባስቦ አንድ ቢገዛ ለሁሉም ይበቃል።

ሁለተኛ፦ ሙሉውን መገልበጥ

ዲስኩን አስገብታችሁ ስትከፍቱት «ቪዲዮ_ቲኤስ» የሚል ፎልደር ታገኛላችሁ። ሌላ «ኦዲዮ_ቲኤስ» የሚል ባዶ ፎልደር ካለ አትጨነቁ፤ የሠርጉ ድምፅ ያለው ከምስሉ ጋር ነው። ኮምፒውተራችሁ ላይ «ሠርግ፣ ክፍል 1» የሚል አዲስ ፎልደር ክፈቱና «ቪዲዮ_ቲኤስ»ን እንዳለ ኮፒ አድርጋችሁ እዚያ ፔስት አድርጉ። ምንም መርጣችሁ አትተዉ።

አንድ የተለመደ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ ቡና እስኪፈላ ያልቃል ማለት ነው። ይህ ግልባጭ ከዲስኩ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ከጥራቱ ምንም አልቀነሰም። ከዚህ በኋላ የምትሠሩት ሁሉ በዚህ ግልባጭ ላይ ነው፤ ዲስኩ ወደ ማቀፊያው ይመለስ።

መሐል ላይ «ማንበብ አልቻልኩም» ብሎ ከቆመ ተስፋ አትቁረጡ። አንዱ ማንበቢያ ያቃተውን ሌላው ያነበዋልና ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩ። ኮምፒውተር ሁሉ እምቢ ብሎ ዴክ ላይ ግን የሚጫወት ዲስክም አለ። በዚህ ጊዜ የዴኩን ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ገመድ በዩኤስቢ ከላፕቶፕ ጋር በሚያገናኝ የቪዲዮ መቅጃ እያጫወታችሁ መቅዳት ትችላላችሁ። ጥራቱ ትንሽ ቢቀንስም ከቴሌቪዥን ላይ በስልክ ከመቅረጽ እጅግ ይሻላል።

ሦስተኛ፦ ለኤዲቲንግ የሚሆን ፋይል ማውጣት

ፎልደሩን ስትከፍቱ በ«ቪኦቢ» የሚያልቁ ትልልቅ ፋይሎች ታያላችሁ። ምስሉና ድምፁ ያለው እነሱ ውስጥ ነው። አንዱ ፋይል ከ1 ጊጋባይት ስለማይበልጥ ሁለት ሰዓት የፈጀ ሠርግ በአራትና በአምስት ፋይል ተቆራርጦ ነው የሚቀመጠው። መቆረጫው ደግሞ ቦታ አይመርጥም፤ ሽማግሌው «ውለዱ፣ ክበዱ» ሲሉ «ውለዱ» አንዱ ፋይል ላይ፣ «ክበዱ» ቀጣዩ ላይ ሊውል ይችላል። አንዳንድ ኤዲቲንግ ፕሮግራሞች እነዚህን ፋይሎች ጨርሶ አይከፍቱም፤ ሌሎቹ ምስሉን ተቀብለው ድምፁን ይተዉታል። ብዙ ሰው «ቪዲዮው ተበላሽቷል» ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። የተበላሸ ነገር የለም፤ ፋይሉ ቋንቋ ይቀየርለት እንጂ።

ለዚህ «ሃንድብሬክ» የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ፕሮግራሙን ክፈቱና የገለበጣችሁትን ፎልደር አሳዩት። ቁርጥራጮቹን ራሱ አገናኝቶ «ታይትል» በሚል ዝርዝር ያቀርባል። ከዝርዝሩ ረጅም ሰዓት ያለውን ምረጡ፤ ዋናው ቪዲዮ ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ከዚያ የሚከተሉትን አስተካክሉ።

*ዓይነት፦* ኤምፒ4 ይሁን። ስልክም ቴሌቪዥንም ኤዲቲንግ ፕሮግራምም ይቀበለዋል።

*ጥራት፦* «ቪዲዮ» በሚለው ገጽ ላይ ያለውን «አርኤፍ» የሚል መለኪያ 18 ላይ አድርጉት። ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል፣ ፋይሉም ይከብዳል። ለኤዲቲንግ የሚሆን ፋይል ስለሆነ በቦታ አትሰስቱ።

*የምስል ፍጥነት፦* እኛ አገር የተለመደው በሰከንድ 25 ምስል ነው። «እንደ ምንጩ» የሚለውንና «ቋሚ» የሚለውን ምረጡ። ፍጥነቱ ከፍ ዝቅ የሚል ፋይል ኤዲቲንግ ላይ ድምፁ ከከንፈር እንዲለያይ ያደርጋል።

*የማበጠሪያ ጥርስ፦* የዚያን ዘመን ካሜራ እያንዳንዱን ምስል በሁለት ግማሽ እያፈራረቀ ነበር የሚቀርጸው። የድሮው ቴሌቪዥን ይህን አያሳብቅም፤ ኮምፒውተር ላይ ግን ሰው ሲንቀሳቀስ ዳሩ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። እስክስታ የሚወርድበት ቦታ ላይ አቁማችሁ ብታዩ ትከሻዎቹ ላይ ወዲያው ይታያችኋል። «ፊልተርስ» በሚለው ገጽ ላይ «ዲኢንተርሌስ» የሚለውን ብትመርጡ ይስተካከላል።

*ስፋት፦* ዲቪዲ በአገራችን አሠራር 720 በ576 ነጥብ ነው። የዛሬው የተለመደ ቴሌቪዥን 1920 በ1080 ነው። ምስሉን በግድ ብትለጥጡት ያልነበረ ዝርዝር አይመጣም፤ ብዥታው ብቻ ይጎላል። የድሮ ሠርጎች ደግሞ ብዙዎቹ ወደ አራት ማዕዘን የተጠጉ ናቸው። ሰፊው ስክሪን እንዲሞላ ስትጎትቱት ቀጭኗ ሙሽራ ድንገት ወፍራ ትገኛለች። ግራና ቀኙ ጥቁር ይሁን፤ ማንም አይከፋበትም።

ጨርሳችሁ መጀመሪያውን ስትጫኑ እንደ ላፕቶፑ አቅም ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊቆይ ይችላል። ሲያልቅ «ቪኤልሲ» ላይ ክፈቱና መጀመሪያውን፣ መሐሉንና መጨረሻውን እዩ። ድምፁ ከምስሉ ጋር ከሄደ ሥራው ተሳክቷል። አሁን ኮምፒውተር ላይ በ«ዳቪንቺ ሪዞልቭ»፣ ስልክ ላይ በ«ካፕከት» ወይም በለመዳችሁት ፕሮግራም መቁረጥ ትችላላችሁ።

ፊት አታሳምሩ

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የድሮ ቪዲዮን «ጥርት» የሚያደርጉ ፕሮግራሞች መጥተዋል። ለጌጥ አስደሳች ናቸው። ነገር ግን ፕሮግራሙ የጎደለውን ዝርዝር የሚሞላው በግምት ነው፤ ዓይን ይስላል፣ ጥርስ ይደረድራል፣ መጨማደድ ያለሰልሳል። ያረፈ አባታችሁን ፊት ሲያጠራው ሌላ ሰው አድርጎ ሊያመጣው ይችላል። መሞከር ከፈለጋችሁ በሌላ ቅጂ ላይ ሞክሩ፤ ዋናው እንደ ብዥታው ይቀመጥ። ብዥ ያለው እሳቸው ናቸው።

ለፎቶ ቤት ከሰጣችሁ

ጊዜ ከሌላችሁ አዳማ ላይ ይህን የሚሠሩ ፎቶ ቤቶችና የኮምፒውተር ቤቶች አሉ። ስትሄዱ «ወደ ፍላሽ ገልብጡልኝ» ብቻ ብላችሁ አትተዉት። ሦስት ነገር በግልጽ ጠይቁ። አንደኛ፣ «ቪዲዮ_ቲኤስ» ፎልደሩን እንዳለ ስጡኝ በሉ። ሁለተኛ፣ ለኤዲቲንግ የሚሆን የኤምፒ4 ፋይል ለብቻው ስጡኝ በሉ። ሦስተኛ፣ ሥራው ሲያልቅ ከኮምፒውተራቸው ላይ እንዲያጠፉት ጠይቁ። ከተቻለ ዲስኩን ጥላችሁ አትሂዱ፤ 20 ደቂቃ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ብቸኛ ቅጂን ከማጣት ይቀላል።

ስለ ፍላሽ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ብዙ ፍላሾች ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበሉም፤ ፍላሹ ባዶ ቢሆንም «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ይላችኋል። መፍትሔው ፍላሹን «ኤክስፋት» በሚባለው ዓይነት ፎርማት ማድረግ ነው። ፎርማት ሲደረግ ውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ቀድማችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡት።

የት ይቀመጥ? ለማንስ ይላክ?

አንድ ቅጂ ቅጂ አይባልም። አንዱ ላፕቶፕ ላይ፣ ሌላው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሦስተኛው ከቤታችሁ ውጭ ይሁን፤ ሻሸመኔ ያለችው እህት ወይም አዲስ አበባ ያለው ወንድም ጋ ቢቀመጥ እሳትም ሌባም ሁሉንም በአንድ ቀን አያገኛቸውም። ለፋይሉ ስም ስትሰጡ ዓመተ ምሕረቱን፣ የዝግጅቱን ዓይነትና ቦታውን ጻፉ። «አዲስ ፎልደር 3» ለልጆቻችሁ ምንም አይነግርም።

ውጭ አገር ላሉት በቴሌግራም ስትልኩ «እንደ ፋይል» ላኩ። እንደ ተራ ቪዲዮ ከላካችሁት ቴሌግራም ጨምቆ ጥራቱን ይቀንሰዋል። በነፃው አገልግሎት አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ስለሚቀበል ሙሉው ሠርግ በአንዴ ላያልፍ ይችላል፤ ለሁለት ከፍላችሁ ላኩት።

አጭሩን ቪዲዮ ቲክቶክ ወይም ዩቲዩብ ላይ ከመልቀቃችሁ በፊት ግን ቆም በሉ። የሠርግ ቪዲዮ የሁለት ሰው ብቻ አይደለም። ከሚዜዎቹ መካከል የተፋቱ፣ በሐዘን ላይ ያሉ፣ ሕይወታቸው የተለወጠ አሉ። በልጅነቷ ስትጨፍር የምትታየው ልጅ ዛሬ የራሷ ቢሮና አለቃ ያላት ሴት ናት። ደውሎ «ልለጥፈው ነው፣ ይሁን?» ማለት ብዙ ቅያሜ ያስቀራል። ከጀርባ የሚሰማው ዘፈን ደግሞ ባለቤት አለው፤ ዩቲዩብ ድምፁን ሊዘጋባችሁ ይችላል። የተገዛ ፊልምና የሙዚቃ ዲቪዲ ቆርጦ መልቀቅ ከነጭራሹ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው የሰው ሥራ ነው። እዚህ የምናወራው ስለራሳችሁ ሠርግ፣ ስለልጆቻችሁ ልደት፣ ስለቤታችሁ ክርስትናና ምርቃት ነው።

የዚህ ወር የቤት ሥራ

በዚህ ሳምንት ቡፌውን ክፈቱና ያሉትን ዲስኮች ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። በወረቀት ላይ የዝግጅቱን ስም፣ ዓመቱን፣ በውስጡ ማን ማን እንዳለ ጻፉ። ቅደም ተከተሉን እንዲህ አድርጉ፦ መጀመሪያ ዛሬ በሕይወት የሌለ ሰው ያለበት ዲስክ፣ ቀጥሎ ከሁሉም ያረጀው፣ ከዚያ የቀረው። በሳምንት አንድ ዲስክ ብቻ ብታወጡ እስከ ፋሲካ አብዛኛው ቤት ይጨርሳል።

ስትጨርሱ ቤተሰቡን ሰብስባችሁ ሙሉውን አንዴ አብራችሁ እዩት፤ በተለይ ከእናንተ በዕድሜ ከሚበልጡት ጋር። «ይቺ ማናት?» ብላችሁ ጠይቁና የሚነግሯችሁን ስም ጻፉ። ቪዲዮውን ኮምፒውተር ያወጣዋል፤ በውስጡ ያሉትን ሰዎች ማንነት የሚያውቁት ግን እነሱ ብቻ ናቸው።

በሚቀጥለው ወር ስለ ቪኤችኤስ ካሴቶች እናወራለን፤ እስከዚያው አትጣሏቸው። ቸር እንሰንብት።